ከፊርማ የቀደመ ማዕድ

ከአዲስ ቅዳም ወዲህ ያለውን ዳገት ስወጣ ቦራ ፈረሴ አረፋ ደፍቆ ነበር። ከዳንግላ የተነሳሁት ዶሮ ሳይጮህ ነው። ካፊያው መንገዱን ሙሉ አልተለየኝም፤ ጋቢዬ ውኃ ጠጥቶ እንደ እርጥብ ቆዳ ትከሻዬ ላይ ከብዷል። ሆኖም አልቆምኩም። ዕለቱ ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፭ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ነው። ዘንገና ላይ ሽማግሎቹ ከኮሶው ዛፍ ሥር ተቀምጠው መንገድ መንገዱን እያዩ ይጠብቁኛል። እኔ ደግሞ የተላክሁበትን ሰው ትቼ ወሬ ብቻ ይዤ ነው የምመለሰው።

የተላክሁበት ሰው ግራዝማች ውቤ ናቸው። በአገው ምድር አውራጃ የእሳቸውን ቃል ረግጦ የሚያልፍ አልነበረም። እሳቸው መሐል ገብተው «በእኔ ሞት» ካሉ የሚሸፍተውም ጠብመንጃውን ያስቀምጣል ይባል ነበር። ለዚህ ነው ባላምባራስ ስማቸው፣ የሽማግሎቹ አለቃ፣ «ደርበው፥ ሂድና ግራዝማችን በፈረስህ አፈናጥጠህም ቢሆን አምጣልኝ» ብለው የላኩኝ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይቀመጣል። ሦስተኛው ካልያዘ ልብሱን አራግፎ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ የጠብመንጃ ነው። ያን ሐሙስ የተቀመጥነው ለሦስተኛ ጊዜ ነበር።

ነገሩ የሁለት ቤት ነገር ነው። ከአራት ዓመት በፊት የአድማሴ ልጅ በግጦሽ ጠብ የዓለምነውን ታናሽ ወንድም ክንዴን በዱላ መታው። ክንዴ አላደረም። ገዳዩ ወደ ጫግኒ ቆላ ወርዶ በዚያው ጠፋ። ክፋቱ ምን መሰላችሁ፤ ዓለምነው ያገባው የአድማሴን ልጅ ወርቅአየሁን ነው። የወንድሙ ገዳይ የሚስቱ ወንድም ሆነ። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ሁለቱ ቤት በአንድ ምንጭ አይቀዱም፤ በአንድ በር ገብተው አይሳለሙም። ወርቅአየሁ ልጆቿን ትታ መሄድ አልቻለችም፤ ከባሏ ጋር ቀረች። የእናቷን ደጃፍ ግን ከዚያ ወዲህ አልረገጠችም።

የእናቷ፣ የአድማሴ ሚስት የእመት ደጊቱ ቤት ከሐይቁ ማዶ ነው። ወርቅአየሁ ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥታ ከዚያ ጣራ የሚነሳውን ጢስ ታያለች። ጢሱ ከወጣ እናቴ ተነስታለች ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አራት ዓመት የተገናኙት በዚህ ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ግን ጢሱ ይዘገይ ጀመር። አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር አይወጣም። እመት ደጊቱ ታማለች፣ ዓይኗም ደክሟል የሚል ወሬ መጣ። ዓለምነው ደግሞ ከበሬዎቹ አንዱን ሸጦ ምንሽር ገዝቶ ነበር። ለምን እንደገዛው የጠየቀውም አልነበረ፤ ያላወቀውም አልነበረ።

እኔን የመረጡኝ የማንም ዘመድ ስላልሆንኩ ነው። አባቴ ከደጋ ዳሞት መጥቶ እዚህ የሰፈረ ሰው ነው፤ አገውኛውን ከልጆች ጋር ስጫወት ለመድኩት። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ቃል የማመላልሰው እኔ ነበርኩ።

ረቡዕ ምሽት ዳንግላ ስደርስ ግራዝማችን ያገኘኋቸው ከአንድ ጠጅ ቤት ደጃፍ ነው። ለመጠጥ እንዳይመስላችሁ። ባለቤቱ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮኑን መስኮት ላይ አውጥቶ አስቀምጦት ግማሹ ከተማ ዝናብ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ገብተዋል። ራዲዮኑ የየአገሩን ስም አንድ በአንድ ይጠራል፤ ሰዉም እየተከተለ በጣቱ ይቆጥራል። ሠላሳ ደረሰ። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅንቀው «ሠላሳ ንጉሥ ባንድ ከተማ? አጋፋሪውን እግዜር ይርዳው» ሲሉ ሰዉ ሳቀ። ራዲዮኑ ቀጠለና በዚያው ማታ መሪዎቹ ሁሉ በቤተ መንግሥት አንድ አዳራሽ ተሰብስበው ግብር መብላታቸውን ተናገረ።

ግራዝማች ግን እንደማይመጡ ነገሩኝ። ጉባኤው እስኪያልቅ ባለማዕረግ ሁሉ ከከተማ እንዳይርቅ ትእዛዝ ወጥቷል፤ ስልክ ቢመጣ መልስ የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል። ብለምናቸውም አልሆነ። አዝነው ግንባሬን ስመው ሸኙኝ።

ኮሶው ሥር ስደርስ ሁለቱ ወገን እንደ ልማዱ ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ አንዱ የተናገረው ለሌላው አይሰማም። የዓለምነው ወገን ወደ መንገዱ፣ የአድማሴ ወገን ወደ ሐይቁ። መሐሉ ላይ ሽማግሎቹ። ብቻዬን መምጣቴን ሲያዩ አንዳንዱ በትሩን አንስቶ ለመነሳት ሲቃጣ አየሁ። ባላምባራስ ግን ከፈረሱ ሳልወርድ ዛቡን ያዙና ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

የግራዝማችን ነገር ነገርኳቸው። ዳንግላ ሌላ ምን ሰማህ አሉኝ፤ የራዲዮኑን ነገርኳቸው። ለእሳቸው የዚህ ጉባኤ ነገር በሩቅ የሚሰሙት ወሬ አልነበረም። የበኩር ልጃቸው ኮንጎ ዘምቶ ባለ ሰማያዊ ቆብ ሆኖ የተመለሰ ወታደር ነው። የአፍሪካ መንግሥታት በሁለት ወገን ተከፍለው አንዱ ካዛብላንካ፣ ሌላው ሞንሮቪያ በሚባል ከተማ ስም እንደሚጠራ ያጫወታቸው እሱ ነበር። እሳቸውም በሽምግልና መሐል ያነሱት ነበር፤ «እኒያም ጎራ ለይተዋል» እያሉ።

«ግብሩን አብረው በሉ?» አሉኝ።

በሉ ተብሏል አልኩ።

«ሁለቱም ወገን? በአንድ አዳራሽ?»

«ራዲዮኑ እንደዚያ ብሏል።»

እጃቸውን ከዛቡ ላይ አነሱ። ልብ በሉልኝ፤ በእኛ ዘንድ የተጣላ ሰው የተጣላውን እህል አይቀምስም። ውኃ ጠምቶት ቢሞትም ከደመኛው ቤት አይጠጣም። ማዕድ የቀረበ ታርቋል ማለት ነው፤ መሐላውና ዋሱ ኋላ የሚመጣ ማጽኛ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ባላምባራስ ፊታቸው በርቶ «ታርቀዋል በለኛ» አሉኝ። እኔም አንድም አልተጠራጠርኩ። ለካ እንደዚያ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሄደው ከሁለቱ ወገን መሐል ቆሙ። በዚያ ቀን እኔን አልላኩኝም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሁለቱም ባንዴ ተናገሩ። ትናንት ማታ ሠላሳ መንግሥት አዲስ አበባ ላይ አንድ ማዕድ መቅረቡን፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እንደማይሰማ፣ ለመሰዳደብ እንኳ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ አነሱና፣ እነዚያ ከታረቁ በአንድ ቋንቋ የሚላቀሱ፣ በአንድ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሁለት ቤቶች ምን ብለው እንደሚቀሩ ጠየቁ። ሰዉ አጎነበሰ።

ዓለምነው አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቃሉ ጥቂት ሰው ነው። ሳይነሳ መለሰ። «እነሱ ወንድም አልሞተባቸውም፥ ባላምባራስ።»

«ልጄ ኮንጎ ድረስ የዘመተ ሰው ሳይሞት ነው?» አሉት። «አንድ ክንዴ ሞቶብሃል። ከዚያ አገር የማንን ክንዴ እንደቀበሩ እሱ ይንገርህ። እነዚያ ከበሉ አንተ ምን ቀረህ?»

ዓለምነው ሣሩን እየነጨ ብዙ ቆየ። ካፊያው ቆሞ ነበር። በመጨረሻ ማንንም ሳያይ «ገበታው ይምጣ» አለ።

ሃምሳው ስላልወጣ ጾም የለም፤ በግ ታረደ። ከሁለቱም ቤት የገብስ እንጀራ መጥቶ በአንድ ገበታ ላይ ተደራረበ፤ የማን የማን እንደሆነ እንዳይለይ ባላምባራስ በእጃቸው አደባለቁት። ከዚያ አድማሴ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ከጠፋ ወዲህ ጎብጠዋል። ጠቅልለው ጉርሻውን ወደ ዓለምነው አፍ ሲያደርሱ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ወጡ በዓለምነው ጢም ላይ ተንጠባጠበ። ዓለምነው ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ። ጎረሰ። ብዙ አኘከ። ከዚያ እሱም ጠቅልሎ አጎረሳቸው።

መሐላው ለእሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ተቀጠረ። እስከዚያ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሴት አይሻገርም፤ ደንቡ ይኸው ነው። ወርቅአየሁ ሦስት ቀን ልትታገሥ ሆነ። አራት ዓመት የታገሠች ሰው ሦስት ቀን ምን አላት ብለን እኔና ሽማግሎቹ ተሳሳቅን። ወንዶች ስንባል እንዲህ ነን።

ቅዳሜ እንጅባራ ገበያ ወረድኩ። ለፈረሴ ልጓም ፈልጌ ስዞር መምህር አምሳለን አገኘሁት። ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ ነው፤ ትሑት ልጅ፣ ማታ ማታ ራዲዮ የሚያዳምጥ። እኔም በኩራት እነዚያን መሪዎች ምሳሌ አድርገን ሁለት ቤት ማስታረቃችንን አጫወትኩት። ደስ ብሎት ሰማኝ፤ ሰማኝና ግንባሩ ተቋጠረ።

እነሱ ግን ገና አልታረቁም አለኝ። ትናንት ማታ ሲያዳምጥ ክርክሩ እንደጠና ነው። አንደኛው ወገን ዛሬውኑ አንድ መንግሥት እንሁን ይላል፤ ሌላው ቀስ እንበል፣ መጀመሪያ እንተባበር ይላል። ውሉ ተጽፎ ማለቁም፣ መፈረሙም አልታወቀም። ሳይፈርሙ ይበተናሉ ብለው የሚፈሩ አሉ።

ግብሩን በልተው የለም ወይ አልኩት።

«ግብሩማ የእንግዳ ወግ ነው፥ አያ ደርበው። መንግሥታት እንደኛ አይደሉም፤ ሊጣሉም ሲሉ መጀመሪያ ይበላሉ።»

ልጓሙንም ሳልገዛ ፈረሴን ፈትቼ ወጣሁ። ከመንገዱ ዳር ካለ የቀርከሃ አጥር ጋር ስደርስ ወርቅአየሁ ከገበያ ስትመለስ ደረስኩባት። በጀርባዋ ትንሽ ቅል አዝላለች፤ ለእናቷ የያዘችው ቅቤ ነበር። ስታየኝ ፈገግ ብላ፣ ነገ ቅዳሴው በስንት ሰዓት የሚያልቅ ይመስልዎታል አለችኝ። አሰብኩ አሰብኩና አላውቅም አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ግን ዓይኗን ሳላይ ነው ያልኳት።

ባላምባራስ ከደጃቸው ተቀምጠው የኮርቻ ጠፍር ሲሰፉ አገኘኋቸው። ነገሩን ከነገርኳቸው በኋላ ወስፌውን ጠፍሩ ላይ ሰክተው ተዉት። በኋላ እኔ ነኝ የጀመርኩት። መሐላው የነገ ነው፤ እኛ ዝም ብንል ማን ይነግራቸዋል? ዓለምነው ራዲዮ የለውም አልኳቸው።

«ዛሬ የለውም» አሉ። «የልጁ ልጅ ይኖረዋል። ያን ጊዜ አያቴን በሐሰት አስማሉት ይላል። እኔን ከመቃብሬ አውጥቶ ቢሰድበኝ ግድ የለኝም፤ መሐላው ሐሰት ነው ብሎ ጠብመንጃ ቢያነሳስ?»

ዛሬ ከነገርናቸው ወርቅአየሁ እናቷን በሕይወት ላታገኝ ትችላለች አልኳቸው። እኒያ ጢሶች እየዘገዩ ነው አልኳቸው። ተቆጥቼም ነበር፤ በእሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሳቸው አልተቆጡኝም። ፊታቸው ባንዴ አርጅቶ «አውቃለሁ» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ እግዜርን እለምነዋለሁ። ነገ ግን እናገራለሁ።»

እሑድ ሁለቱ ወገን በሁለት በር ገብተው አስቀድሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ በር ወጡ። ካህኑ መስቀል ይዘው ተጠባበቁ። ወርቅአየሁ ከሴቶቹ መሐል ቅሏን ታቅፋ ቆማለች፤ ሦስቱ ልጆቿ ታጥበው ቅባት ተቀብተው ከጎኗ ናቸው።

ባላምባራስ ከመሐል ገቡና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደገደጉ። እንደ በደለኛ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ሽማግሌ ለባለ ጉዳይ ሲያደገድግ ያየ አልነበረማ። ከዚያ ሳይሸፋፍኑ ተናገሩት። መሪዎቹ በሉ እንጂ አለመታረቃቸውን፣ ወሬውን አምጥቼ እኔ፣ ትርጉሙን ሰጥተው እሳቸው እንደተሳሳትን፣ የሐሙሱ ማዕድ በሐሰት ምስክር የቀረበ በመሆኑ የሚፈልግ ወገን ካለ ሊተወው እንደሚችል።

ከዓለምነው ዘመዶች አንዱ ተታለናል ብሎ ጮኸ። ሌላውም ተቀበለው። አድማሴ በትራቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ወርቅአየሁን ለማየት ፈራሁ፤ ግን አየኋት። ቅሏን አጥብቃ ይዛለች፤ ባሏን ብቻ ነው የምታየው።

ዓለምነው ዘመዶቹን በእጁ ዝም አሰኛቸው።

«ባላምባራስ፥ ሐሙስ ዕለት ያጎረሱኝ ማናቸው? እኒህ ሽማግሌ ናቸው ወይስ እኒያ የአዲስ አበባዎቹ?»

ባላምባራስ ወደ አድማሴ አዩ።

«እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ ዓለምነው። «ሦስት ሌሊት ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያችን እጅ ነው። ሠላሳ ንጉሥ መጥቶብኝ አያውቅም።»

ዘመዱ ግን እኒያ ገና አልታረቁም እኮ ብሎ ሊቀጥል ሲል ዓለምነው ወደሱ ዞረ። «እኛ በልተናል። የበላሁትን አልተፋም። እነሱ ይድረሱብን።»

መጀመሪያ የሳቀ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከአድማሴ ወገን ይመስለኛል። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ካህኑም መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከክንዴ ሞት ወዲህ ሁለቱ ቤት አብረው ሲስቁ ያን ቀን ሰማን። ባላምባራስ ብቻ አልሳቁም፤ ጋቢያቸውን ከወገባቸው መፍታት አቅቷቸው እኔ ፈታሁላቸው።

እነዚያም መሪዎች በዚያችው ቅዳሜ ሌሊት ፈርመው ኖሯል። እኛ የሰማነው ማክሰኞ ነው። ለባላምባራስ ስነግራቸው «እሰይ፣ እሰይ» ብለው ተነስተው ወደ ምሥራቅ ሰገዱ፤ ኋላ ግን ቀስ ብለው፣ ትንሽ ዘገዩ አሉ።

ያን እሑድ መሐላው አልቆ ካህኑ ቡራኬውን ሳይጨርሱ ወርቅአየሁ መንገድ ጀምራ ነበር። በሐይቁ ዳር ባለው የእግር መንገድ ስትሮጥ ነጠላዋ ከኋላዋ ይንሳፈፋል። እኛ ተከተልናት። ዓለምነው የመጨረሻዋን ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከጎኔ ይሄዳል። ወደ ቤቱ ስንቃረብ እርምጃው እየቀነሰ መጣ።

እመት ደጊቱ መደብ ላይ ጋደም ብላ ነበር። ልጇ እግሯ ሥር ተደፍታ ስታለቅስ አላለቀሰችም። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ በአውራ ጣቷ ጉንጯን፣ ቅንድቧን፣ አንገቷን ዳሰሰች። በአገውኛ፣ ከስተሻል አለቻት፤ ባልሽ እህል አይሰጥሽም እንዴ አለቻት። ልጆቹን አንድ በአንድ አስጠግታ አሸተተቻቸው። ሁለቱን ሕፃናት እያሉ ታውቃቸው ነበር፤ ሦስተኛዋን ገና አሁን መዳሰሷ ነው፤ ስሟን ሦስት ጊዜ አስደገመቻት።

ዓለምነው ከደጃፉ ላይ ቆሟል። አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አንስቶ መልሶ አወረደው። የወንድሙ ገዳይ ያደገበት ቤት ነው። አድማሴ ከኋላው ደርሰው እሳቸውም መግባት አልቻሉም፤ የራሳቸው ቤት ሆኖ ሳለ። ካፊያው ደግሞ ጀመረ። የከሰዓቱ ብርድ ከሐይቁ ላይ ተነስቶ በተከፈተው በር ይገባል።

እመት ደጊቱ ራሷን ቀና አደረገች። ብርሃኑን የሚከልል ሰው እንዳለ ታውቋታል።

«በር ላይ የቆመው ማነው?»

ወርቅአየሁ «ዓለምነው ነው፥ እማዬ» አለች።

ምድጃው ላይ እንጨቱ ሲንጣጣ ይሰማል። አሮጊቷ ልብሷን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ልጅቱን መደቡ ላይ ጠጋ አድርጋ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።

«ብርድ ገባ እኮ» አለች። «በሩን ዝጋው እንጂ፥ ልጄ። ከውስጥ ሆነህ።»